ማይኩ ለምን ያፏጫል? በጠባብ ክፍል ለሚዘፍኑና ለሚዘምሩ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው፣ ቤት ውስጥ በተሰራች ትንሽ ስቱዲዮ ወይ ሳሎን ውስጥ ማይክ ተይዞ ሲዘፈን ድንገት የሚመጣው ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኝታ ቤቴን ስቱዲዮ አድርጌ ነው የምሰራው፣ ክፍሉ በግምት 3 በ 3 ነው። ኮንደንሰር ማይክ አለኝ፣ ባለ ሁለት ቻናል ሳውንድ ካርድ አለኝ፣ የምቀዳው ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ነው። ቢቱንም የራሴንም ድምፅ ጠረጴዛ ላይ ባሉት ሁለት ስፒከሮች እየሰማሁ ስዘፍን ቮሊየሙን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ሲጥጥጥ ብሎ ይጮሃል፣ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ራሴን አልሰማም። ግድግዳውን በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩበት፣ ምንም ለውጥ የለም። ጓደኛዬ ማይኩ ርካሽ ስለሆነ ነው ሌላ ግዛ ይለኛል። ማይኩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦

ወንድሜ ብርህን ያዝ፣ ማይክህ አልተበላሸም። እየጮኸ ያለው በደንብ ስለሚሰማ ነው፣ ሺ ብር ጨምረህ የተሻለ ብትገዛ እሱም እዛው ቦታ ላይ ብታቆመው ይጮሃል።

ምን እየሆነ መሰለህ፣ አንተ ስትዘፍን ማይኩ ድምፅህን ወስዶ ለሳውንድ ካርዱ ይሰጣል፣ ሳውንድ ካርዱ ለኤፍኤል፣ ኤፍኤል መልሶ ለስፒከር፣ ስፒከሩ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ይለቀዋል፣ ማይኩም እዛው ክፍል ውስጥ ስላለ ያንኑ ድምፅ እንደገና ይሰማዋል ማለት ነው፣ እንደገና ይልከዋል፣ እንደገና ይወጣል። ይሄ ዙር ሁሌም አለ፣ ሳይጮህም አለ። የሚጮኸው ድምፁ ዞሮ ሲመጣ ከሄደበት ጊዜ በልጦ ወይ እኩል ሆኖ ከመጣ ነው፣ ያኔ በእያንዳንዱ ዙር እየጨመረ ይሄድና ስፒከሩ እስከቻለው ድረስ ይወጣል። ዙሩ በጣም ፈጣን ነው፣ በስፒከርህና በማይክህ መሀል 1 ሜትር ቢኖር ድምፅ በአየር ላይ ያንን ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ለዛ ነው እጅህ ቮሊየሙ ጋ ሳይደርስ ጩኸቱ የሞላው። አንድ ዓይነት ቀጭን ፉጨት የሚሆነው ደግሞ ሁሉም የድምፅ ከፍታ እኩል ዞሮ ስለማይመጣ ነው፣ ማይኩም ስፒከሩም ክፍሉም የሚያጎሉት የየራሳቸው ከፍታ አለ፣ ከነሱ ውስጥ ቀድሞ ያለፈው አንዱ ነው አፍ አውጥቶ የሚጮኸው። ማይኩን አንድ ስንዝር ወዲህ ብታደርገው የፉጨቱ ቶን ሲቀየር ትሰማለህ፣ ሞክረው፣ ግን በዝቅተኛ ቮሊየም። እንዲህ ዞሮ የሚመጣው ጩኸት ፊድባክ ይባላል፣ ፈረንጆቹ ላርሰን ኢፌክትም የሚሉት ነገሩን ባጠናው በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሰው በሶረን ላርሰን ስም ነው።

አሁን ወደ መፍትሄው ስንመጣ ላንተ ጉዳይ መልሱ አጭር ነው፣ ስትቀዳ ስፒከር አይከፈትም። በቃ። ትልልቅ ስቱዲዮዎች እንኳን ዘፋኙን ለብቻው ክፍል አስገብተው ሄድፎን የሚያደርጉለት በዚህ ምክንያት ነው፣ አንተ ደግሞ ዘፋኙም ኢንጂነሩም ሆነህ እዛችው ክፍል ውስጥ ነህ፣ ስለዚህ የስቱዲዮውን ግድግዳ ስራ የሚሰራልህ ሄድፎንህ ነው። ሌላም ነገር አለው ይሄ፣ ስፒከሩ ባይጮህ እንኳን ቢቱ ከድምፅህ ጋር አብሮ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ቮካሉን ለብቻው ኢዲት ላድርግ ወይ ቢቱን ልቀይር ብትል ከበሮው ከኋላ ይሰማብሃል፣ ዜማ ማስተካከያም (ኦቶቱን) ብትጭንበት በደንብ አይሰራልህም።

የሄድፎኑ ዓይነት ይለያያል። ጆሮ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም፣ ጀርባው የተዘጋ መሆን አለበት። ጀርባው ወንፊት የሆነው ዓይነት ለሚክስ ጥሩ ነው፣ ለመቅዳት ግን አይሆንም፣ ድምፅ ወደ ውጪ ያፈሳል፣ ኮንደንሰር ደግሞ ያንን ሁሉ ይለቅማል። የተዘጋም ሆኖ ከጆሮህ ስታወርደው ተጠንቀቅ፣ ብዙ ሰው ዘፍኖ ሲጨርስ ሄድፎኑን አውልቆ የማይክ ስታንዱ ላይ ይሰቅለዋል፣ ወዲያው ፊጭጭ ይላል፣ ምክንያቱም ያቺ ትንሽ ስፒከር አሁን ማይኩ አፍ ስር ናት። መጀመሪያ ቮሊየሙን ዝቅ፣ ከዛ ማውለቅ።

አንዳንዱ ዘፋኝ ሁለቱም ጆሮው ሲዘጋበት ዜማው ይጠፋዋል፣ ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ በተለይ ትዝታና አንቺሆዬ ላይ እያንቀጠቀጠ የሚሄድ ሰው የራሱን ድምፅ ከክፍሉ ውስጥ መስማት ይፈልጋል። አንዱን ጆሮ መክፈት ይቻላል፣ ግን የተከፈተውን ወገን ወደ ውጪ አታዙረው፣ ከጆሮህ ኋላ አጥንቱ ላይ ተጭኖ ይቀመጥ፣ ከቻልክ ደግሞ ድምፁን በሙሉ ወደ አንዱ ጆሮ ፓን አድርገው።

አሁን ኤፍኤል ላይ እንምጣ። ማይክህን ሚክሰሩ ላይ አንድ ኢንሰርት (የሚክሰሩ አንድ መስመር) ላይ ስታስገባው ኤፍኤል በራሱ ወደ ማስተር፣ ማለት ወደ መጨረሻው መውጫ ይልከዋል፣ ለዛ ነው ድምፅህ በስፒከር የሚወጣው። ያንን ኢንሰርት ምረጥና ማስተሩ ስር ያለችውን ትንሽ ቀስት ነክተህ አጥፋት፣ ድምፅህ መቀዳቱን ይቀዳል፣ በስፒከር ግን አይወጣም። ኪውቤዝ የሚባለውን ሌላ የመቅጃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ ትራኩ ላይ ያለችው የስፒከር ምልክት ናት፣ እሷን አጥፉ። ከዛ ራስህን በምን ትሰማለህ ካልክ ሳውንድ ካርድህ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ስዊች ወይ ሚክስ የሚል ቁልፍ ፈልግ፣ ብዙዎቹ ላይ አለ፣ እሱ ድምፅህን ኮምፒውተር ውስጥ ሳያስገባ ቀጥታ ወደ ሄድፎንህ ይልከዋል። ይሄ ሌላ ጥቅም አለው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ዞሮ የሚመጣ ድምፅ ይዘገያል፣ በ 48 ኪሎ ሄርዝ በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን አንዴ ሰብስቦ የሚይዝበት መጠን) 512 ላይ ከሆነ ሲገባ 10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲወጣም 10 በላይ ነው፣ ያኔ ራስህን ትንሽ ዘግይተህ ትሰማና ሪትሙ ይንሸራተትብሃል፣ ብዙ ልጆች ሄድፎን አልተመቸኝም ብለው ወደ ስፒከር የሚመለሱት ባብዛኛው በዚህ መዘግየት ነው፣ ሄድፎኑ አይደለም ጥፋቱ።

ደረቅ ድምፅ እየሰማሁ መዝፈን አልችልም ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚመስለውን) እፈልጋለሁ ካልክ እሱም ይቻላል፣ ማይኩን ከማስተር ነቅለህ ሌላ ኢንሰርት ላይ ላከው፣ እዛ ላይ ሪቨርብ ጫንና ደረቁን (ድራይ) በሙሉ አጥፍተህ እርጥቡን (ዌት)፣ ማለት የሪቨርቡን ድምፅ ብቻ ተው፣ ይሄኛው ወደ ማስተር ይሂድ። ደረቁ ድምፅህ በዳይሬክት ሞኒተር ወዲያው ይመጣል፣ ሪቨርቡ ከኋላው ተከትሎ ይመጣል፣ ሪቨርብ ደግሞ ቢዘገይ ማንም አያውቀውም።

አንዳንድ ርካሽ ሳውንድ ካርዶች ላይ የስፒከሩና የሄድፎኑ ቮሊየም አንድ ቁልፍ ነው። እንደዛ ከሆነ ስፒከሮቹን ከኋላቸው አጥፋቸው፣ ሪከርድ ከመንካትህ በፊት ይሄን ልማድ አድርገው።

የእንቁላል ካርቶኑ። ይሄን በግልፅ ልንገርህ፣ ለዚህ ችግር አይረዳም፣ ስስ ወረቀት ነው፣ ላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይበትናል እንጂ ዋናውን ድምፅ አይውጠውም፣ ያንተ ፉጨት ደግሞ በዋናነት የሚመጣው ከግድግዳ ሳይሆን ከስፒከር ወደ ማይክ በቀጥታ ነው። በዛ ላይ ቶሎ እሳት ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በበዛበት ክፍል ውስጥ ባይኖር እመርጣለሁ። ክፍልህን ማለስለስ ከፈለግክ ወፍራም ነገር ያስፈልግሃል፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን በሩ ተከፍቶ። የምትሰቅልበት ቦታ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ከማይኩ ኋላ ይሰቅለዋል። አብዛኛው የቮካል ማይክ በፊቱ ነው የሚሰማው፣ ፊቱ ደግሞ ወደ አንተ ነው፣ ስለዚህ የሚያየው ግድግዳ ካንተ ጀርባ ያለው ነው። ብርድ ልብሱ ከጀርባህ ይሁን፣ ድምፅህ ላይ ልዩነቱን ትሰማዋለህ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልን። እኛ አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዷ ቤት ሳሎን ውስጥ መዝሙር እናጠናለን። አንድ ሞንታርቦ አለን፣ ትንሽ ሚክሰርና አራት ማይክ አለ፣ ኪቦርድም አለ። ጥናት ስለሆነ ሁላችንም መሰማማት አለብን፣ ሄድፎን ለሁላችን የለንም። ግን ሁሌ ይጮሃል፣ ከጥናቱ ግማሹ ሰዓት በሱ ነው የሚያልፈው፣ ጎረቤትም ተማረረ። ኢኳላይዘሩን ብዙ ነካክተነዋል፣ ድምፃችን ታፈነ እንጂ አልተሻለም።

መልስ፦

እህቶቼ፣ የእናንተ ከበፊቱ ይለያል፣ እናንተ ስፒከር የግድ ያስፈልጋችኋል፣ ስለዚህ ዙሩን መቁረጥ አይቻልም፣ ማዳከም ነው ያለው። ኢኳላይዘሩን አሁን ወደ መሀል መልሱት፣ ሁሉንም ቁልፍ። መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን፣ ምክንያቱም ቦታ ያላስተካከለውን ነገር በቁልፍ ለማስተካከል ሲሞከር ነው ድምፃችሁ የታፈነው።

መጀመሪያ ሞንታርቦው የት ነው ያለው? ከመዘምራኑ ኋላ ከሆነ ማይኮቹን ሁሉ ከፊት ለፊት ያያቸዋል ማለት ነው፣ ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። ከማይኮቹ ኋላ ይሁን፣ ማለት እናንተ ፊታችሁን ወደሱ አዙራችሁ ቁሙ፣ እሱ ፊቱን ወደ እናንተ፣ ማይኩ መሀል ላይ ሆኖ ጭራው ወደ ሞንታርቦው አፉ ወደ እናንተ። ካርዲዮይድ የሚባለው ማይክ፣ እንደ ኤስኤም 58 ያለው ማለቴ ነው፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ስንት መድረክ የቆመበት፣ በትክክል ከጭራው በኩል የሚመጣውን ድምፅ ነው ከሁሉም አሳንሶ የሚሰማው። ሱፐርካርዲዮይድ የሆኑት ግን፣ ለምሳሌ ቤታ 58፣ ቀጥ ባለው ጭራቸው በኩል ትንሽ ይሰማሉ፣ ደንቆሮ የሚሆኑት ከጭራው ወደ ጎን ባለው አቅጣጫ ነው፣ ከፊቱ ሲለካ 126 ዲግሪ አካባቢ፣ ስለዚህ ለነሱ ሞንታርቦውን ከቀጥታው ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። የማይካችሁ ዓይነት ሳጥኑ ላይ ወይ እላዩ ላይ ተስሏል፣ የልብ ቅርፅ የምትመስለው ካርዲዮይድ ናት፣ ከኋላዋ ትንሽ ጭራ ያላት ደግሞ ሱፐር።

ሞንታርቦውን ጥግ ላይ አትወትፉት፣ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል። ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል፣ ከፍ ብሎም ይቀመጥ፣ ጆሮ ከፍታ ላይ፣ መሬት ላይ ሆኖ ጉልበታችሁን እያዘመረ ራሳችሁን አልሰማም እያላችሁ ቮሊየም ትጨምራላችሁ፣ ያ የጨመራችሁት ነው መልሶ የሚጮኸው።

ቀጥሎ አፍና ማይክ። ይሄ ከሁሉም ትልቁ ነው፣ ደግሞም ብር አይጠይቅም። ከማይኩ ያለሽን ርቀት በግማሽ በቀነስሽ ቁጥር ድምፅሽ 6 ዲሲቤል ይጨምራል፣ ከ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ 5 ከመጣሽ 12 ዲሲቤል አገኘሽ ማለት ነው፣ ያንን ያህል ጌይኑን (የማይኩን መግቢያ ቁልፍ) መቀነስ ትችያለሽ፣ ጌይኑ ሲቀንስ ደግሞ ማይኩ ከሞንታርቦው የሚሰማው አብሮ በ 12 ይቀንሳል። ብዙ ዘማሪ ከማይኩ ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ ‹ጨምሩልኝ› ይላል፣ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ይጨምርለታል፣ ከዛ ሁሉም ጆሮውን ይይዛል። ሁለት ሦስት ጣት ርቀት ይበቃል። ከፍ ባለው ቦታ ላይ ድምፅሽ ሲወጣ ትንሽ ፈቀቅ ማለት ትችያለሽ፣ ግን አመለጥሽ ማለት አይደለም፣ ተመለሺ።

እና እባካችሁ የማይኩን ወንፊት በእጅ አትጨብጡት፣ ቪዲዮ ላይ ራፐሮች እንደሚይዙት ማለቴ ነው። ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚለየው በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ነው፣ እነሱ በእጅ ሲታፈኑ ከየትም አቅጣጫ የሚመጣውን መስማት ይጀምራል፣ ወዲያው ይጮሃል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሲጮህ ሰው ደንግጦ የማይኩን አፍ በመዳፉ መክደኑ ነው፣ ባሰበት እንጂ አልረዳውም። ሲጮህ ማይኩን ከሞንታርቦው አዙሩት ወይ ፌደሩን (ሚክሰሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን የቮሊየም ቁልፍ) አውርዱ፣ ቶሎ። ረጅም ጩኸት ለጆሮም አደገኛ ነው፣ የሞንታርቦውን ትንሿን የላይኛዋን ስፒከርም ያቃጥላታል።

አራት ማይክ አለን ብላችኋል፣ አራቱም ሁሌ ክፍት ናቸው? የተከፈተ ማይክ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሳይጮህ ማግኘት የምትችሉት ድምፅ በ 3 ዲሲቤል ይቀንሳል፣ ከአንድ ወደ አራት ስትሄዱ 6 ጠፋ ማለት ነው። አንዷ መሪ ስትዘምር የሌሎቹ ፌደር ይውረድ፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአንድ ማይክ ጎን ለጎን ተጠጉ። ማይክ ሶፋ ላይ ወይ ወንበር ላይ ክፍቱን አይጣል፣ ሻይ ሲመጣ የሚጮኸው እሱ ነው።

ሪቨርብና ኤኮ ሚክሰሩ ላይ አለ አይደል፣ እሱን ለጥናት ዝቅ አድርጉት፣ ድምፁን እያስረዘመ ዙሩን ይመግበዋል። ኮምፕሬሰር ካለም ልብ በሉ። ኮምፕሬሰር ስትዘምሩ ከፍ ያለውን ይጫናል፣ ዝም ስትሉ ግን ይለቀዋል፣ ስለዚህ ማይኩ በጣም ክፍት የሚሆነው ማንም በማይዘምርበት ሰዓት ነው። በዝማሬው መሀል ደህና ሆኖ ስንኙ አልቆ ሁላችሁም ትንፋሽ ስትወስዱ ኡኡኡ ብሎ የሚነሳ ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፣ እሱ ነው።

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ አሁን ወደ ኢኳላይዘር። መጀመሪያ ሎው ከት የምትባል ቁልፍ ካለች በየማይኩ ላይ ተጫኗት፣ ከ 80 ወይ ከ 100 ሄርዝ በታች የሴት ድምፅ የለም፣ እዛ ያለው የእግር ኮቴና የሞንታርቦው ጉምጉምታ ነው። በዛ ላይ ማይክ ሲጠጉት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፣ ስለዚህ ትንሽ ቢቀነስ ድምፃችሁ ይጠራል እንጂ አይጎዳም። ከዛ አንዷ ማይኩን በቦታው ይዛ ትቁም፣ ሌላዋ ፌደሩን ቀስስስ እያለች ታሳድግ፣ መጮህ ሲጀምር ወይም ከመጮሁ በፊት ስታወሩ ከድምፃችሁ ኋላ እንደ ደወል ጭራ ሲከተል ትሰሙታላችሁ፣ እዛ ላይ አቁሙ። ያ ጭራ ‹ኡኡ› የሚል ወፍራም ከሆነ ከ 250 እስከ 500 ሄርዝ አካባቢ ነው፣ ሰው በከንፈሩ እንደሚያፏጨው ከሆነ 1 ሺ ገደማ፣ ‹ሲጥ› የሚል ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ከ 2 ሺ በላይ። የዛችን ብቻ 3 ወይ 4 ዲሲቤል አውርዱ። ሚክሰራችሁ ላይ ያለው ሃይ፣ ሚድ፣ ሎው ብቻ ከሆነ አንዱን ቁልፍ ባወረዳችሁ ቁጥር ሰፊ የድምፅ ክፍል ነው አብሮ የሚሄደው፣ የታፈናችሁት ለዛ ነው፣ ስለዚህ ሚዱን ከትንሽ በላይ አትንኩት። ሁለተኛ ጩኸት ከመጣ እሱንም ፈልጉት፣ ሦስተኛ አራተኛ ላይ ከደረሳችሁ ግን ተዉት፣ ቮሊየሙ ለሳሎኑ በዛ ማለት ነው።

ለጎረቤቱም ይሄው ይጠቅማል። ኪቦርዱን ሳሎን ውስጥ ዝቅ አድርጋችሁ ብትጀምሩ ማይኩም ዝቅ ማለት ይችላል፣ ሁሌም ሩጫው የሚጀምረው ኪቦርዱ ሲጮህ ነው፣ ዘማሪዋ እሱን ለማሸነፍ ማይክ ታስጨምራለች፣ ኪቦርዱ ደግሞ እሷን ለማሸነፍ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። መሲንቆ እጫወታለሁ፣ እየተጫወትኩም እዘፍናለሁ። ቤዝመንት ውስጥ አንድ ስፒከርና ሁለት ማይክ አለኝ፣ አንዱ ለአፌ አንዱ ለመሲንቆው። የአፌ ማይክ ደህና ነው፣ የመሲንቆው ግን ገና ሳልነካው ቡቡቡ እያለ ይነሳል። ልጄ ሄድፎን አድርግ ይለኛል፣ ለእንግዳ ስጫወት ግን ሄድፎን አይሆንም።

መልስ፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎናል፣ ይሄ ጉዳይ ስለ ባህል መሳሪያ ስለሆነ በየቦታው መልስ አይገኝለትም። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማይኩ ብቻ አይደለም፣ መሲንቆው ራሱ አለበት። ሳጥኑ ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው፣ ቆዳ ደግሞ የሚመጣበትን ድምፅ ይቀበላል፣ ስፒከሩ ወፍራም ድምፅ ሲለቅ ቆዳው እርስዎ ጭራውን ሳይስቡት ራሱ ይርገበገባል፣ ማይኩ ያንን ይሰማና ይልከዋል፣ ስፒከሩ እንደገና ቆዳውን ይመታዋል። ለዛ ነው ሳይነኩት የሚነሳው። ምክንያቱ ይሄ መሆኑን ለማየት በመዳፍዎ ቆዳውን ቀስ ብለው ደገፍ ያድርጉት፣ ቡቡታው ከቆመ ምክንያቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ስፒከሩ የመሲንቆውን ፊት እንዳያይ ያድርጉ፣ ከእርስዎ ፊት ቀደም ብሎ፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ። ከኋላዎ ፈጽሞ አይሁን። ማይኩን ደግሞ የቆዳው መሀል ላይ አያነጣጥሩት፣ ቡቡታው የሚበዛው እዛ ነው፣ ከፍ አድርገው ደጋኑ ጭራውን ወደሚነካበት ያዙሩት፣ የመሲንቆው ልቅሶ የሚሰማውም ከዛ ነው። ሎው ከት ይጫኑ። ሚክሰርዎ ላይ ፌዝ (Phase) የሚል ወይ ክብ ላይ ሰረዝ ያለባት ቁልፍ ካለች ይሞክሯት፣ ወፍራሙን ጩኸት አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ታጠፋዋለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ታብሰዋለች፣ በጆሮ ነው የሚታወቀው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አልበቃ ካለ እሳጥኑ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፒክአፕ አለች፣ የጊታር ዕቃ ከሚሸጥበት ትገኛለች። እሷ ከአየር ሳይሆን ከእንጨቱ ስለምትሰማ ከማይኩ የበለጠ ቮሊየም ትችላለች፣ እንጨቱ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይለጥፏት። ድምፅዋ ግን ደረቅ ይላል፣ እኔ ብሆን ለቤዝመንት እንግዳ ማይኩን እመርጣለሁ፣ ቤዝመንት ውስጥ መሲንቆ ያለ ስፒከርም ይሰማል፣ የአፍዎን ማይክ ብቻ ከፍተው ይሞክሩት። ለመቅዳት ሲሆን ግን ልጅዎ ያለው ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር

ማይኩን ስሰካ ዝዝዝዝ የሚል አለ፣ ብዘፍንም ባልዘፍንም አንድ ዓይነት ነው። ይሄም ፊድባክ ነው?

መልስ፦

አይደለም። ስፒከሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ በሄድፎን ስማው፣ ዝዝታው ካለ ዙር የለም ማለት ነው፣ ከመብራት የመጣ ነው፣ እኛ ሀገር መብራቱ 50 ሄርዝ ስለሆነ ከዛና ከእጥፎቹ ላይ ነው የሚዘምረው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለህ በባትሪ አስኪደው፣ ብዙ ጊዜ እዛው ይጠፋል። ካልጠፋ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ፣ የማይክ ኬብሉን ከመብራት ገመድ ጋር አጠላልፈህ አታሳልፈው፣ ኬብሉም ባለ ሦስት እግሩ ይሁን። የሶኬቱን የመሬት እግር ብትቆርጠው ይጠፋል የሚልህን ግን አትስማ፣ በብረት ማይክ አፍ ለአፍ ገጥመህ የምትዘፍን ሰው ነህ፣ መብራት ይይዝሃል።

ጥያቄ፦ ከሪያድ

ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ገብቼ እዘፍናለሁ። ሙዚቃውን በብሉቱዝ ስፒከር ከፍቼ ነው፣ አብራኝ የምትኖረዋ እህቴ ደግሞ በሷ ስልክ ላይቩን እያየች አስተያየት ታነብልኛለች። ድምፄ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ይወጣብኛል።

መልስ፦

እህቴ፣ ያንቺ ፉጨት ያልሆነው ዙሩ ረጅም ስለሆነ ነው። ድምፅሽ ካንቺ ስልክ ወጥቶ በኢንተርኔት ዞሮ በእህትሽ ስልክ ሴኮንዶች ዘግይቶ ይወጣል፣ ያንቺ ስልክ እንደገና ይሰማዋል፣ ለዛ ነው እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋገመው። የእህትሽን ስልክ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ታጥፋው፣ አስተያየቱን ለማንበብ ድምፅ አያስፈልጋትም። ሌላ ሰው ላይቩ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንቺም ኢርፎን አድርጊ፣ ገመድ ያለው ይሁን፣ ብሉቱዝ ስለሚዘገይ ከሙዚቃው ጋር አትገጥሚም። የብሉቱዝ ስፒከሩ ላይ የምትከፍቺውን ሙዚቃ ግን ከሌላ ስልክ አድርጊውና ስፒከሩን ከስልክሽ ማይክ አርቀሽ አስቀምጪው፣ ማይኩ ከታች ቻርጀር በሚገባበት በኩል ነው፣ ስልኩን ስታቆሚው ያ ወገን ወዳንቺ አፍ ይቅረብ እንጂ ወደ ስፒከሩ አይዙር።